መወልወያ ይዤ ስቆም

ለሦስት ሰዓት አሥር ሲቀር ግድግዳው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ኮሪደር ላይ የተገኘ ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይደርቃል።
እኔም ከቢጫው ባልዲዬ አጠገብ፣
መወልወያዬን እንደ ጠመንጃ ይዤ፣ እንደ ዘብ፤
ውሃው ከጨርቁ
ጠብ... ጠብ።

ተንደር ቤይ ጥር ላይ ናት፤ ሐይቁ በበረዶ ታስሮ፣
ነፋሱ በበሩ ስር ይገባል መስታወቱን ቧጭሮ።
ያረፈደው ማላካይ አንድ እግሩን ከቦቱ አውጥቶ
በካልሲው ቆሟል፣ ሌላው እግሩ ቦት ጫማው ውስጥ ቀርቶ።
ካልሲው የሟሟ በረዶ ቀስ እያለ ሲጠጣ
ዝቅ ብሎ ያያል። አገር ለሱ ዛሬ ይሄ ነው፣
ብርዱ ከታች ሲመጣ።

ከቢሮው በር ትይዩ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሼላይን አለች።
አምስተኛ ክፍል። ሁሉም ሲቆም እሷ ተቀምጣለች።
ከቤት የተጻፈ ደብዳቤ አላት፤ ርዕሰ መምህሯ ታውቃለች፦
አያቷ ይህንኑ መዝሙር፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣
ባፍ መፍቻዋ አንዲት ቃል ብትተነፍስ በሚያስቀጣት ቤት፣
ቆማ ዘምራዋለች። "በቃ፣ ይኸው የኔ ድርሻ፤
ያንቺንም ጨምሬ ቆሜልሻለሁ" አለቻት አሉ፣ "እስከ መጨረሻ።"

እኔ ልፈርድ አልችልም። በኔ ላይ ሦስት መዝሙር አልፏል፤
አንዱን በቃሌ ሳልጨርስ ሌላው ላዩ ላይ ተጽፏል።
ሁለቱን ተሰልፌ ዘመርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፤
ሦስተኛውን አዘመርኩ፣ መምህር ሆኜ፣ አለንጋ አንግቼ።
የደንበጫ ብርድ ነው። ጫንያለው የሚባል ልጅ
አፉን ገጥሞ ቆመ፣ እንደ ተዘጋ ደጅ።
መታሁት።
ሁለት ጊዜ፣ እግሩ ላይ፣ ባንዲራው እኩሌታ ሳይደርስ።
ኋላ ነው የሰማሁት፦ አባቱ በቀድሞው መዝሙር ተሸኝቶ
ዘምቶ ሳይመለስ፣
ልጁ አዲሱን ቢዘምር፣ አባቱን በገዛ አፉ የሚቀብር
መስሎት ነበር።

ሐሙስ ማታ የወላጆች ስብሰባ። አርባ ወንበር ደረደርኩ፤
አሥራ አራት ሰው መጣ፤ የተረፈውን መልሼ ከመርኩ።
አጀንዳው፦ መዝሙር በየቀኑ ወይስ ሰኞ ሰኞ ብቻ?
አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ "ልማድ ነው የፍቅር መክፈቻ።"
ሌላዋ "በየቀኑ የላሱት ማር ውሃ ውሃ ይላል" አለች።
ማሪቬል፣ ከማኒላ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣች፦
"ዜግነት የወሰድኩ ቀን ሳግ አንቆኝ አልዘመርኩም፤
ዕዳዬን ልጄ በየጠዋቱ ይክፈልልኝ፤ ብዙ አልጠየቅኩም።"

"ሚስተር ጌሪ!" አለችኝ ሊቀመንበሯ (ገረመው አይወጣላትም)፣
"በየጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ ነህ፤ አንተስ ምንም አትልም?"
ጫንያለውን ልነግራቸው ነበር፤ አፌ ድረስ መጣ።
"ሁሉም ሲቆም፣" አልኩ፣ "ወለሉ ይደርቅልኛል።"
ሳቁ። ላብ ከጀርባዬ ወጣ።
ውሳኔው ለመጪው ወር ተዛወረ። ወንበሮቹን አጣጠፍኩ።

በማግስቱ ግድግዳው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደ ልማዴ ቆምኩ።
ግማሹ ላይ ግን አየሁ፣ ከሼላይን እግር ስር
የሟሟ በረዶ ኩሬ ወደ ማላካይ ካልሲ ሲንደረደር።
መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ሲደርስ ባልዲውን ገፋሁት፤
ጎማው ሲጥ አለ። ርዕሰ መምህሯ በመስታወቱ አየችኝ፤ አየኋት።
ሼላይን ምንም ሳትል ሁለቱንም እግሮቿን አነሣች፤
ካልሲዋ ላይ ቀበሮ አለች፣ ከቦቷ በላይ ብቅ ያለች።
ከስሯ ወለወልኩ።
ማላካይ ወደ ደረቁ ሸርተት አለ፣ ባንድ እግሩ፤
ከንፈሩ ግን አላቆመም፣ አልተዛነፈም መዝሙሩ።